37 ፐርሰንት ላይ የቆመው ዲስክ

"አሁንም ቆመ!"

የቪዲዮ ኤዲተሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው... ማውሱ ወለል ላይ ወደቀ።

ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛ ዲስኩ ነው። አምስቱም 37 ፐርሰንት ላይ ሲደርሱ ቀጥ!

እናቱ ከጎን ባለው ክፍል ተኝታ ትሰማዋለች። ሐኪሙ "ወደ ቤት ውሰዳት፣ ከዚህ በኋላ የምንችለው የለም" ካለው ሦስተኛ ቀኑ ነው።

"ደረሰልህ እንዴ የኔ ጌታ?" አለች በደከመ ድምፅ።

"ትንሽ ነው የቀረው እማዬ!"

"ትንሽ ነው የቀረው" ማለት ለምዶበታል... አባቱ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላት ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው... አባቱ በመጨረሻው ሰሞን አልጋው ላይ ሳለ፣ እናት በልጁ ካሜራ የቀረጸችው ቪዲዮ አለ። እናት የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቪዲዮው ሳሎን ባለው አሮጌ የዲቪዲ ዴክ እንዲታይ ዲስክ ላይ ራይት ይደረግላት።

ልጁ ደግሞ እንጀራው ይኸው ነው!

የሰው ሰርግ በሳምንት አድርሶ ያስረክባል። ለማያውቃቸው ሙሽሮች ዓይኑ እስኪቀላ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል... የእናቱ ግን ሁሌ "ነገ" ነው።

ዛሬ ቁርጡ ሲመጣ ተቀመጠ። የራይት ፍጥነቱን ቀነሰ። ቦታ አስለቀቀ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ሶፍትዌሩን አውጥቶ እንደገና ጫነ።

37... 37... 37።

በመጨረሻ፣ እስካሁን ሳያነብ "እሺ" እያለ የሚዘጋትን ትንሽ መልእክት አነበባት።

"ዋናው ፋይል አልተገኘም።"

ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ፈለገ።

ለካ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሴቭ ያደረገው ቪዲዮውን አይደለም። የት ጋ እንደተቆረጠ፣ የት ጋ እንደተቀጠለ የሚናገረውን ሥራ ብቻ ነው። አብዛኛው ቪዲዮ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነበር... ያን ፎልደር ደግሞ አምና የአንድ ሰርግ ሥራ ቦታ ሲያጣበው፣ "ሴቭ አድርጌዋለሁ" ብሎ በገዛ እጁ አጥፍቶታል።

"ኤዲተር ሆኖ ይሄ ይጠፋዋል?" ትሉኛላችሁ... አይጠፋውም። ለሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቦታ ነበር የሚያስቀምጠው።

"የካሜራው ሜሞሪ ካርድስ?" ካላችሁ ደግሞ... ስንት ሰርግ ቀርጾበታል መሰላችሁ! የጠፋ ፋይል የሚመልስ ጓደኛው ጋ ደወለ።

"ላዩ ላይ ብዙ ተቀርጾበታል ወንድሜ... አትልፋ" አለው።

ወደ እናቱ ገባ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"እማዬ... የመጀመሪያው ብቻ ነው የተረፈው። አባዬ ትራሱን አስተካክይልኝ እያለ ሲነዘንዝሽ፣ ሲስቅ... ከዛ በኋላ ያለው የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሙሉውን ሳላሰማሽ..."

አልቻለም፣ አለቀሰ።

እናቱ እጁን ያዘችው።

"ለኔ መስሎህ ነው?" አለች።

"እ?"

"እኔማ አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል። ዲስኩ ላንተ ነበር የኔ ልጅ። አባትህ መጨረሻ ላይ 'ካሜራውን እንዳታጠፊው፣ ውጪና በሩን ዝጊው፣ ለልጄ የምነግረው አለኝ' አለኝ። ፊት ለፊት መናገር እንደማይሆንለት ታውቀው የለ? 'አስቀድመሽ እንዳትነግሪው... ሳሎን ቁጭ አድርገሽ ክፈቺለት፣ አንቺም አትራቂ፣ ይከብደዋል' ብሎ አስምሎኛል። ለዛ ነው ስጨቀጭቅህ የከረምኩት።"

"ምን አለ? እማዬ፣ ምን ብሎኝ ነበር?"

"እኔ በምን አውቄ... በሩ ተዘግቶ ነበር።"

ከሁሉ የሚያንገበግበው ምን መሰላችሁ?

ልጁ ያን ቪዲዮ አይቶታል። ሲቆርጠው ደጋግሞ አይቶታል! ግን መጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ የአባቱን ድምፅ አንጀቱ ስላልቻለው፣ የቀረውን ድምፁን ዘግቶ ሙዚቃ ለጥፎበት ነበር የሠራው። የአባቱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቷል... ለሱ ያለውን ግን አንዲት ቃል አልሰማም።

እናቱ በሳምንቱ አረፈች።

ዛሬ ከዚያ ንግግር እሱ ጋ የቀረው፣ ሶፍትዌሩ ለምልክት ያስቀራት ጥፍር የምታህል ምስል ናት። አባቱ ካሜራውን እያየ... አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል።

አሁንም ድረስ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ እሷን ይከፍታል። ትንሽ ያያትና ይዘጋታል።

ወዳጆቼ... እናት ደጋግማ የምትለምነው ሁሉ ለራሷ አይደለም። ለባዕድ ደንበኛ "እሺ፣ ዛሬውኑ" የምንለውን ያህል ለቤታችንም እንበል። "ነገ" ያልነው ነገር እኛን ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... ስልካችሁ ውስጥ "በኋላ እሰማዋለሁ" ብላችሁ ያልከፈታችሁት የማን ድምፅ አለ?

ኮመንት ላይ ጻፉት... መጀመሪያ ግን ሄዳችሁ ስሙት።