ማስጠንቀቂያ ብቻ

ፕሮግራመሩ ለአዲሱ ሕንፃ ሊፍት ሲ (C) በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈውን ፕሮግራም ለማሽን በሰጠ ቁጥር ስክሪኑ በቢጫ ማስጠንቀቂያ ይሞላል፦ «የፎቁ ቁጥር የመቀነስ ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ የምታስቀምጥበት ቦታ ግን ምልክት አይቀበልም።»

«ማሽን ደግሞ ሊመክረኝ!» አለ ከንፈሩን አጣሞ። የሲን ቋንቋ እናቱ ሆድ ውስጥ የተማረ ነው የሚመስለው።

«ምክሩ እኮ ልክ ነው» አለች የሥራ ባልደረባው እየሩስ። «ከምድር በታች አንድ ስትለው፣ የመቀነስ ምልክቱን ስለማይቀበል አራት ቢሊዮንኛ ፎቅ ብሎ ነው የሚሰማህ። የቁጥሩን ዓይነት እናስተካክለው።»

«ስሚ፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ እንጂ ስህተት አይደለም። በማስጠንቀቂያ የሞተ ሰው የለም። አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ!»

ከዚያ በየመስመሩ «ዝም ብለህ ተቀበለው» የሚል ትእዛዝ እየለጠፈ የማሽኑን አፍ ዘጋው። ቢጫው ሁሉ ጠፋ።

«አየሽ? ጸጥ፣ ረጭ!»

ፕሮግራሙን ሊፍቱ ላይ ጭኖ ላፕቶፑን ከደነ። እየሩስ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ደረጃው አመራች።

«በእግርሽ? እንግዲህ ምድር ስትደርሺ ደውይልኝ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀባት።

የእሱ መኪና ከምድር በታች ባለው ፓርኪንግ ቆማለች። ሊፍቱ ውስጥ ገባ፤ በመስታወቱ ኮሌታውን አስተካከለና «-1» የሚለውን ተጫነ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ሊፍቱም አንዳች ሳይንገጫገጭ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

የተሳፈረው ከላይ ከመጨረሻው ፎቅ ነበር።