የቆሎው መጠቅለያ

«ፈርሚ! ሠራተኛዬ ሰረቀች በይና ይለቅ» ይላል አቶ ሙሉሰው፣ ወረቀቱን በማተሚያ ማሽኔ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ።

ሰውየው የምናትምለት መሥሪያ ቤት የምስጢር ሰነዶች ኃላፊ ነው። ትናንት መካኒሳ አቦ በር ላይ አንዲት ሴት ቆሎ የምትጠቀልልበት ወረቀት የእኛ ኅትመት ሆኖ ተገኘ። የነዳጅ ማከማቻዎች የጥበቃ ተራ፣ «ምስጢር» ከሚለው ቀይ ጽሑፍ ጋር! ጉድ እኮ ነው።

አያንቱ ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። ስድስት ዓመት አብራኝ ስትሠራ ብጣሽ ወረቀት ይዛ ወጥታ አታውቅም። እኔ ከፈረምኩ ዛሬውኑ እስር ቤት ናት። ካልፈረምኩ ውሉ ይሰረዛል፤ የምንበላው ደግሞ ከሱ ነው።

«ውሉ ምን ይላል፣ አቶ ሙሉሰው? የተበላሸ ወረቀት እዚሁ ተቆጥሮ፣ ሁለታችን ፈርመን፣ ዓይናችን እያየ ይቃጠላል አይደል የሚለው?»

«እና?»

«እናማ ባለፈው ወር ‹ሰፈሩን በጭስ አታስጨንቂ፣ እኛ ጋ ይቃጠላል› ብለው የተበላሸውን ወረቀት ሁለት ጆንያ በመኪናዎ የጫኑት እርስዎ ነዎት። የእናንተው ዘበኛ በኪሎ ሸጠው። ቆሎ ሻጯን ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ ስሙን ነግራኛለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ምን ቆርጦኝ ነው አያንቱን የምሰጠው?»

ፊቱ ይለዋወጣል። «ዝም ብለሽ ያስጫንሽውስ አንቺ አይደለሽ? አብረን ነው የምንገባው!»

እውነቱን ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ እንዴት እምቢ እለዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ወይ ይሉኝታ! መቃጠል የነበረበት ይሉኝታዬ ነው።

«የኔንም ጥፋት ጽፌዋለሁ» እለዋለሁ።

«ምኑን?»

«ምስጢር ከእጁ የወጣበት ወዲያው ያሳውቅ ይላል ውሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለአለቃዎ አስገብቻለሁ። የእርስዎንም፣ የኔንም፣ የዘበኛውንም።»

«አብደሻል? ውሉ እኮ አለቀለት!»

«ይለቃ! ሰው በልቼ አላድርም።»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል። አውጥቶ የአለቃውን ስም ሲያይ በግራ እጁ የኮቱን ቁልፍ ይፈልጋል። ከቆለፈ በኋላ ነው የሚያነሳው።

«አቤት፣ ጌታዬ» ይላል፣ ለማሽኑ እጅ እየነሣ።