ዓሣ ጀርባ ላይ የቆመችው ጀልባ

«በዚህ ድምፅህ ላም ጥራበት እንጂ አትዝፈንበት» ያለኝ ቴፓና ነው፤ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በጴጥሮስ በዓል፣ ሐይቁ ዳር መረብ ስናሰጣ። ሚስቴ ሰምታ ስቃለች።

ዛሬ የልጁ የናስቶ ሰርግ ነው። ለቴፓና ዘፈን የሚቀበልለት ወንድሙ ጥርሱን ታሞ ጉንጩ የአጃ ዳቦ አክሏል። ቴፓና ሰው ሁሉ እያየው እኔ ዘንድ ይመጣል።

«ና እንግዲህ፤ ካንተ ሌላ ሰው ጠፋ።»

«ስትለምንም ትሳደባለህ?»

«ኧረ ተነስ፣ ሙሽሮቹ ሳያረጁ!» ትላለች እማማ ፓላካ። ቤቱ ይስቃል።

ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንቀመጣለን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደፊት ወደኋላ እንወዛወዛለን። እሱ አንድ ስንኝ ያወጣል፣ እኔ እደግመዋለሁ፤ እኔ ስደግም እሱ ቀጣዩን ያስባል። ዘፈኑ የሽማግሌው የቫይናሞይነን ነው፤ በዜማ ብቻ ድንጋይ የሚያንቀሳቅሰው የዚያ የተረት ጀግና። ሲቀዝፍ ሲቀዝፍ፣ መሀል ሐይቅ ላይ ጀልባዋ ቀጥ ትልበታለች። አንድ ግዙፍ ጥርሳም ዓሣ ጀርባ ላይ ወጥታ!

«ጀልባዋ ቆመች፣ ዓሣ ጀርባ ላይ» ይላል ቴፓና።

እደግማለሁ። ቀጣዩን ስንኝ እጠብቃለሁ፤ አይመጣም። ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ዓይኑ ባዶ ነው። ጠፍቶታል! በገዛ ልጁ ሰርግ፣ ከማዶ መንደር በመጡት አማቾቹ ፊት። ዝም ካልኩ አለቀለት። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ይኸው መጣልኝ።

ግን ሽማግሌውስ? እዚያ ዓሣ ጀርባ ላይ ጥዬው ልሂድ?

«ጀልባዋ ቆመች፣ ዓሣ ጀርባ ላይ!» እላለሁ እንደገና፣ ከፍ አድርጌ። ቴፓናን እንደ መቅዘፊያ ወደ ራሴ እጎትተዋለሁ፣ መልሼ እገፋዋለሁ። ደግሜ ስለው ልጆቹ አብረውን መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይቀዝፋል። አማቾቹም ሳይቀሩ። እማማ ፓላካ «ግፉት! ግፉት እንጂ!» እያለች ቢራዋን ጎረቤቷ ላይ ትደፋለች።

ያኔ የቴፓና ፊት ይበራል።

«ሰይፉን መዘዘ፣ ዓሣውን ሰነጠቀ!»

ቤቱ በጩኸት ይናጋል። ሽማግሌው ከዓሣው መንጋጋ በገና ይሠራል፤ ሲደረድረው ድብ አጥር ላይ ወጥቶ ያዳምጣል፣ ወፉ ክንፉን ረስቶ ትከሻው ላይ ያርፋል። እኔም አፌን ሞልቼ እቀበላለሁ፤ ማንም ጆሮውን አይይዝም።

ስንጨርስ ላቤን ጠርጌ እወጣለሁ። ቴፓና እስከ በሩ ይከተለኛል።

«ስማ፣ ያን ስንኝ የደጋገምከው አውቀህ ነው? ወይስ አንተም ጠፍቶህ ነው?» ይላል ቀስ ብሎ። ትንሽ እንደራቅኩ ደግሞ፣ «አንተ ሰው! ንገረኝ እንጂ!»

ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ክንዴ ገና ወደፊት፣ ወደኋላ ይላል።