ባትሪ የሌለው ስልክ

መካነ ሰላም ውስጥ በምሠራበት የሕፃናት ማቆያ ፈርሂያ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች። እናቷ ጅዳ ናት። ልጅቷ ሌሎቹን ስትነክስብኝ ባትሪ የሌለው አሮጌ ስልክ ጆሮዬ ላይ እለጥፍና፣ «እናትሽ ካሁን በኋላ አልመጣም አለች» እላታለሁ። ወዲያው ዝም ትላለች።

አብራኝ የምትሠራው ሰርካለም፣ «ያለ ካርድ ጅዳ የምትደውል አንቺ ብቻ ነሽ። ተይ፣ ለልጅ ይከብዳል» ብትለኝም እልኸኛ ነኝና አልሰማኋትም።

ዛሬ ግን ፈርሂያ ጥግ ይዛ ስትንሰቀሰቅ አንጀቴን በላችው። ስልኩን ሰጠኋትና፣ «በይ ራስሽ አናግሪያት» አልኳት።

ጆሮዋ ላይ ይዛ ብዙ ቆየች።

«ለእት አበቡ ስጪ አለችኝ» ብላ ስልኩን ዘረጋችልኝ። ልጆቹ እት አበቡ የሚሉት እኔን ነው።

እንዳላሳፍራት ተቀበልኩና፣ «ሀሎ» አልኩ።

«ወላሂ እት አበቡ፣ እኔ መቼ ነው አልመጣም ያልኩት?» አለኝ ከውስጡ የሴት ድምፅ፣ እያለቀሰ።