የአባ ወልደ ጻድቅ ቋጠሮ

ሴት ገዳሙ ውስጥ አትገባምና የኔትወርክ ባለሙያዋ ሀኒ የገዳሙን የኮምፒውተር መስመር ንድፍ የሠራችው ከጀልባ መውረጃው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባ ወልደ ጻድቅ ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ብራናዎቹ ዕቃ ቤት የለኩበትን ገመድ አምጥተው እግሯ ሥር ዘረጉላት። በሜትር ስትለካው መቶ አርባ ሆነ። ኬብሉ ደግሞ ከመቶ ሜትር በላይ አያስተላልፍም፤ መሀል ላይ ስዊች የሚባል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ማገናኛ ሣጥን ያስፈልገዋል። የገመዱ ወገብ ላይ ቋጠሮ አየች።

«ይኼ ምንድን ነው አባ?»

«የእኔ ጎጆ ናት። ደክሞኝ እዚያ አረፍሁና ልኩ እንዳይጠፋኝ ቋጠርሁት።»

መብራት አላት ወይ ብላ ጠየቀች፤ አላት። ያመጣችውን ትልቁን ስዊች ከካርቶኑ አወጣች።

«ድምፅ አለው?» አሉ።

«ማራገቢያው ትንሽ ይጮሃል።»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊትም አይጠፋም።»

አባ ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ። «ግድ የለም፣ እኔው ዘንድ ይቀመጥ። አርባ ዓመት ዝምታ ይበቃል፤ ጠግቤዋለሁ።»

ሀኒ እጃቸውን አየች። ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ቆመው ቀሩ። ስዊቹን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። «ማራገቢያ የሌለው ትንሽ አለ» አለች፤ «ለእናንተ ይበቃል። ነገ አመጣለሁ፤ ጨርሶ አይሰማም።»

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ!» አሉ አባ። «በስተርጅናዬ አስዋሸሽኝ እኮ።»