በስኒ ላይ የተጋደመ ክብሪት

ዘርዓይ ስኒዎቹን ሲነካ አስገዶም ከቡና ማሽኑ አጠገብ ሆኖ ጥርሱን ነከሰ። ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ጆሮ ለጆሮ አጋጥሞ ባንኮኒው ላይ ባለው ትሪ የደፋቸው አስገዶም ራሱ ነው። በአስመራው ገዛ ባንዳ ሰፈር እንዲህ አድርጎ ስኒ የሚደረድር ሌላ አስተናጋጅ የለም።

«ተመልከቺ ትምኒት» አለ ዘርዓይ። ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ከጀርመን ብቅ ያለ የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ ለአንድ ሳምንት መጥቶ አስመራን የወረሳት ይመስላል። «ትሪው የሲሊከን ገጽ ነው እንበል። ላይ ላዩን ያሉት አተሞች ልክ እንደነዚህ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ተጣምረውም ግን እያንዳንዱ አንድ ባዶ እጅ ይቀረዋል። ትንሽ ሞለኪውል ስትመጣ የራሷን አንድ ማሰሪያ ትፈታና ሁለቱንም ትይዛለች።» የክብሪት እንጨት በሁለት ስኒዎች ላይ አጋደመ።

«ሌሎቹስ?»

«ጥንዶቹን ተከትለው ይሰለፋሉ። እስቲ ሞክሪ።»

ትምኒት እንጨቶቹን አንድ በአንድ አጋደመች፤ ባሩድ ያለበትን ራሳቸውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዞረች። ከአስገዶም ጋር በአንድ ደብተር ለማትሪክ ያጠናች ልጅ! እሱ ሲያስረዳት ታዛጋ ነበር። እሑድ እናቱ ወደ ቤቷ ሽማግሌ ልትልክ ነው፤ ይህንኑ ሊነግራት ከጠዋት ጀምሮ ቃሉን ሲያላምጥ ውሏል።

«አንዴ ከተያያዙ ይላቀቃሉ?»

«ብዙ እሳት ካልነካቸው አይላቀቁም። ጠላታቸው እርጥበት ነው፤ ቀድሞ ከደረሰ ባዶውን እጅ ይይዝባቸዋል።» ዘርዓይ ሳቀ። «አስገዶም ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እርጥብ ጨርቅህን አርቅልን እንጂ!»

ትምኒትም ሳቀች። አስገዶምን ያበሸቀው የእሷ ሳቅ ነው።

«ማኪያቶሽን ላምጣ?» አላት አስገዶም።

«ሕራይ» ብላ ተስማማች።

ማሽኑ አናት ላይ ሃያ ስኒ ይሞቃል። እሱ ግን ከትሪው መሃል አንዱን መዘዘ። እንጨቱ ወደቀ።

«እዋይ! ሌላ ስኒ የለም?»

«የለም።»

ዐይኗ በትከሻው ላይ አልፎ ማሽኑ አናት ደርሶ ተመለሰ።

ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጨምረዋ ልጅ ያመጣላትን ማኪያቶ ያለ ስኳር፣ በሁለት ትንፋሽ ጨለጠችው። ስኒውን ከጥንዱ ጎን፣ ከቦታው ደፋችው። የወደቀውን እንጨት አንስታ በሁለቱ ላይ አጋደመች፤ ራሱንም እንደ ሌሎቹ አዞረች።

ከስኒው አፍ ሥር የቀረው ወተት ወጣ፤ በትሪው ላይ ቀስ እያለ ወደ አስገዶም መጣ። እርጥቡ ጨርቅ በእጁ ነበር። አልጠረገውም።