«እንኳን» ያልተባለች ሕፃን

ናሁሰናይ ድምፁን ለአንድ የማስታወቂያ ኩባንያ ከሸጠ ወዲህ፣ «እንኳን» ብሎ የተቀበለው ሰው ሁሉ እዚያው ደንበኛ ሆኖ ይመዘገባል። ማስታወቂያው ድሮ በኢሜይል ነበር የሚመጣው፤ አሁን በሕልም ነው፤ መውጫም የለውም። ባለፈው ፋሲካ ረስቶ እናቱን «እንኳን አደረሰሽ» ብሏት፣ ይኸው እስከ ዛሬ በሕልሟ የሳሙና ማስታወቂያ ይመጣባታል።

እናም እህቱ ውብዓለም አራስ ልጇን ታቅፋ ከሆስፒታል ስትመጣ በሩን ከፍቶ ዝም አለ።

«ምነው፣ ጅብ አየህ እንዴ?» አለችው፣ ደረጃው አድክሟት እያለከለከች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ አይባልም?»

እናቱ ከኋላ በክርኗ ጎሸመችው። «የእህትህ ልጅ እኮ ናት!»

«እማዬ፣ ሥራዬን ታውቂው የለ?»

«ሥራህን እዚያው ሥራ ቦታህ ተወው!»

ቃሉን ሁሉ የሚሰማው የኩባንያው መሣሪያ ግን መንጋጋው ውስጥ ነው የተተከለው።

የውብዓለም ዓይን እንባ አቀረረ። «ካልፈለግከን እንመለሳለን» ብላ ወደ ደረጃው ዞረች።

ናሁሰናይ ጨነቀው። ቃል የሌለበት አቀባበል ፈለገ፤ ድንገት እንደ ሴቶቹ «እልልልልል!» አለ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየው። እናቱ በሳቅ ፈረሰች፤ «ወንድ ልጅ እልል ሲል ዛሬ ገና አየሁ!» ውብዓለምም እያለቀሰች ሳቀች፤ ሕፃኗንም አሳቀፈችው።

የሕፃኗ ትንፋሽ አንገቱን ሲያሞቀው፣ መንጋጋው ውስጥ ያ የሸጠው የራሱ ድምፅ ለእሱ ብቻ ተናገረ።

«አዲስ የአቀባበል ድምፅ አግኝተናል፤ እናመሰግናለን። ሕፃኗ ተመዝግባለች። ስሟን ያስገቡ።»

«ኧረ እልልታህን ድገመው!» አለች እናቱ፣ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች።